የፕሮፌሰሩ ድምፅ

«ድንቡሼ! ኧረ ነይ፣ ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረብኝ!»

ድንቡሼ እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ከምሳ በኋላ አያቷ ሲጠሯት ይሄ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠሩን ትታዋለች። መጀመሪያ «ድምፁ ጠፋ» አሉ፤ ራሳቸው ቀንሰውት ነው። ቀጥሎ «ሥዕሉ ተጋደመ» አሉ፤ ስልኩን አጋድመው ይዘውት ነው። አሁን ደግሞ ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ነገ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ የጀመረችው ጥያቄ ገና ግማሹ ላይ ነው።

«መጣሁ፣ አባባ!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ድንቡሼ የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ዓይኗን ሊደፍነው ምንም አይቀረው ነበር ይላሉ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የዩኒፎርሟ ቀሚስ በቀበቶ ካልታሰረ አይቆምላትም፤ ስሙ ግን አልከሳም።

አያቷ ሶፋው ጥግ ላይ ስልኩን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ነው የኖሩት። ስልኩን የገዛችላቸው እናቷ ናት፤ «ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ ከሚውሉ ይሻላል» ብላ። የማስተማሩ ሥራ ግን የድንቡሼ ሆነ።

«ኔትወርክ ነው፣ አባባ። ትንሽ ይጠብቁት።»

«እኔማ እየጠበቅሁት ነው። እሱ ነው የማይመጣው።»

ወዲያው ሰውዬው ተንቀሳቀሰ። ነጭ ጋውን ለብሷል፤ አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥሏል። «ወገኖቼ፣ የግፊት ክኒን ኩላሊታችሁን እየበላው መሆኑን ማንም አይነግራችሁም። እኔ ግን ስለምወዳችሁ እነግራችኋለሁ» አለ። ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት የሞላበት ጣሳና የስልክ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል።

«ስሚው እንግዲህ» አሉ አያቷ። «ስለምወዳችሁ አለ።»

ድንቡሼ ልቧ ተጠራጠረ። «አባባ፣ የዛሬ ክኒንዎን ወስደዋል?»

አያቷ በመመለስ ፈንታ ድምፁን ጨመሩት። እሱን መቼ እንደለመዱት እግዜር ይወቅ።

መኝታ ክፍላቸው ገብታ የኮመዲኖውን መሳቢያ ሳበች። እናቷ ለወሩ ብላ ካመጣችው ክኒን የተፈለቀቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በየቦታው ቁጭ ብሏል። እሽጉን ይዛ ወጣችና ፊታቸው ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክኒን ነዋ።»

«ለምን አልተወሰደም?»

«ምን አመመኝና? እኔ ሞተሬ ደህና እየሠራ ጋራዥ የምገባ ሰው አይደለሁም።»

«ግፊት ሳያምም ነው የሚጎዳው ብሎ ሐኪሙ ነግሮዎታል እኮ! ፍሬኑ እስኪበጠስ ነው እንዴ የሚጠብቁት?»

«ደሞ አንቺ ስለ ፍሬን ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ አያቷ፤ ቅር አላቸው።

አጠገባቸው ቁጭ አለች። በትዕግሥት ልታስረዳቸው ቆርጣ ነበር። ሰውዬው ዱቄት ሻጭ መሆኑን፣ ይሄ ሁሉ ስብከት ዱቄቱን ለመሸጥ መሆኑን በጣቷ እያሳየች ነገረቻቸው። «ሐኪም ቤቱስ ክኒኑን በነፃ ነው የሰጠኝ?» አሏት። ከቪዲዮው ሥር ሰዎች የጻፉትን አነበበችላቸው፤ አንዷ ዱቄቱን ወስዳ ሆዷ ሲታመስ እንደከረመ ጽፋለች። «የሚያማርር ሰው መቼም አይጠፋም። አውቶቡስ ላይ ስንቱን አይቻለሁ» አሉ። ጋውን ማንም ገዝቶ መልበስ እንደሚችል ነገረቻቸው። «አንቺ ግዢና ልበሺ እስቲ፣ ዶክተር ትሆኚ እንደሆነ» ብለው በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ድንቡሼ አልሳቀችም። ጮክ ብላ እንዳትናገራቸው ፈርታ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሒሳቡ እንደ ጉንዳን ዓይኗ ላይ ተርመሰመሰ።

እናቷ ከዳቦ ቤት ስትመለስ መሽቶ ነበር። ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ድንቡሼ ክኒኑን አሳይታ ሁሉንም ነገረቻት።

«እኔ ስናገራቸው ይቆጣሉ። ሴት ልጄ አለቃ ሆነችብኝ ይላሉ» አለች እናቷ ግንባሯን እያሸች። «አንቺን ነው የሚሰሙት።»

«እኔንም አይሰሙኝም!»

«ስልክ ያስተማርሻቸው አንቺ። ሰውዬውን ከዚያ ውስጥ አውጪው፣ ዝጊው፣ አላውቅም፣ የሆነ ነገር አድርጊ። እኔ ነገ ሌሊት ነው የምነሳው።»

የሆነ ነገር አድርጊ። ድንቡሼ ደጋግማ ያሰበችው ይህንን ነው። ስልክ የገዛችው እናቷ፣ ክኒኑን የተዉት አያቷ፣ የሚዋሸው ሰውዬው፤ የሆነ ነገር የምታደርገው ግን እሷ። ጠዋት አያቷ ፊታቸውን ሲታጠቡ ስልኩን አንስታ ቻናሉን አገደችው። ከትምህርት ቤት ከመመለሷ በፊት ከጓደኞቻቸው አንዱ ሌላ ቪዲዮ ልኮላቸው ነበር። ያው ሰውዬ፣ ያው ጋውን።

በዚያው ቀን የሒሳብ ፈተናውን ምንም አልሠራችም። ከፈተናው ስትወጣ ጓደኛዋ ሬዲዮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቃት አገኘቻት። ሬዲዮ የተባለችው የማትኮርጀው ድምፅ ስለሌለ ነው፤ የምክትል ርዕሰ መምህሩን ሳል ስታወጣ ክፍሉ በሙሉ ደብተር ያወጣል።

«ሙድሽ ተበላሽቷል» አለች ሬዲዮ።

«አባባ ክኒናቸውን ትተዋል። የሆነ ዱቄት ሻጭ ነው የሚሰሙት። ሐኪሙን አይሰሙ፣ እናቴን አይሰሙ፣ እኔን አይሰሙ። ሊፈነዳ ነው ጭንቅላቴ!»

ሬዲዮ ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። «ድምፁ ትልቅ የሆነ፣ ማዕረግ ያለው ሰው ከሆነ ይሰማሉ ማለት ነው?»

«እንዴት?»

«እንዴት አትበይኝ። ድምፅ የሚያጎረንን አፕ አለኝ። ነይ ተከተይኝ።»

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከተከመሩበት ጥግ ገቡ። ድንቡሼ ምን መባል እንዳለበት ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ሬዲዮ ሁለቴ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ቀዳችው። አፑ ድምፁን ሲያወፍረው ከዚያች ቀጭን ልጅ አንገት ውስጥ ሽበታም ሰው የወጣ መሰለ።

«ውድ አባቶቼና እናቶቼ። ፕሮፌሰር ነኝ። ዕድሜ ልኬን ልብ ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ። የግፊት መድኃኒታችሁን በነጋዴ ወሬ አትተዉ። ዛሬውኑ ጀምሩ። የዘለላችሁትንም ሳትውሉ ሳታድሩ አካክሱ። ልባችሁ አደራ ብላችኋለች።»

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ሳቁ። ድንቡሼ ሳቋ ሲበርድ፣ «አካክሱ የሚለውን እኔ አልጻፍኩም» አለች።

«ለማሳመሪያ ነው። ያለሱ ይደርቃል።»

«ግን ልክ ነው?»

«አይ አንቺ! ዋናው ክኒኑን መዋጣቸው አይደል? ችክ አትበይ ባክሽ» አለች ሬዲዮ። ጥበቃው ከወንበሮቹ ወዲያ «ማነው እዚያ?» ሲል ጊዜ ስልካቸውን ይዘው ሮጡ። ድንቡሼም ነገሩን እዚያው ተወችው።

ቤት ስትደርስ አያቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ወደ ስልካቸው የላከችውን ድምፅ ከፈተችላቸው። «የጓደኛዬ አጎት ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው፣ ከአለቃው ተቀብሎ ነው የላከልን» አለቻቸው። ውሸቱ ከአፏ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ራሷንም ገረማት።

አያቷ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። እንደገና አስከፈቱት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ይሄ የተማረ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «አነጋገሩን አየሽው? አይቸኩልም። ልባችሁ አደራ ብላችኋለች አለ። ወይ ሰው!» ተነሥተው ወደ መኝታ ክፍላቸው ሄዱና መሳቢያውን ሲስቡ ተሰማት። «ድንቡሼ፣ ውኃ!»

ውኃውን ስታቀብላቸው ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ከሥር ከሥሩ ግን ንዴት ነበረበት። የጤና ጣቢያው ሐኪም ለፍልፎ ያልሰሙትን፣ እናቷ ለምና ያልሰሙትን፣ እሷ ስትማጠን ውላ የሳቁባትን፣ ለሬዲዮ አፕ ታዘዙ። ዋጥ አድርገው ብርጭቆውን መለሱላት፤ ስለዘለሏቸው ቀናት ሲጠይቋት «እሱን ይተዉት፣ በየቀኑ የምሰጥዎት እኔ ነኝ» ብላ እሽጉን ወሰደችባቸው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ለሬዲዮ «ሠራ!!!» ብላ ጻፈች።

ሳሎን ስትመለስ አያቷ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው እየጎረጎሩ ነበር።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«ፈልጌ ጨርሻለሁ። ለመሪ ጨባጮች ላክሁላቸው።»

መሪ ጨባጮች የጡረተኛ ሾፌሮቹና የጋራዥ ባልደረቦቻቸው ግሩፕ ነው። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል፣ ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት ምክር ይላላካሉ። አንድን ነገር ወደ ግሩፑ እንዴት እንደሚልኩ ድንቡሼ ስንቴ አስተምራቸዋለች፣ ስንቴስ ረስተውታል! ዛሬ ያለ ማንም እርዳታ ልከዋል።

«አየሽ፣ ለካ እችላለሁ» አሉ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው እያሳዩዋት። ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ ነበር። መልሶች መግባት ጀመሩ፤ የተጨበጨቡ እጆች፣ ጽጌረዳዎች፣ «ፕሮፌሰሩን ዕድሜ ይስጠው» የሚል የድምፅ መልእክት። ይሁን፣ አለች በልቧ። ቢበዛ ሁሉም ክኒናቸውን ቢወስዱ ነው። ምን ክፋት አለው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ሳሙና ገዝታ ስትመለስ አያቷ በሩ ላይ የግራና የቀኝ ጫማ አቀያይረው ለማጥለቅ ሲታገሉ አገኘቻቸው።

«መካኒኩ ወድቆ ጤና ጣቢያ ወስደውታል» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ነይ፣ ታክሲ ያዢልኝ።»

መካኒኩ የአያቷን አውቶቡስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አያቷ እሳቸውን ሳይሰድቡ ቀን አይውሉም፤ ሳያገኟቸው ሳምንት አይሞላም። ጤና ጣቢያው ውስጥ በመስኮት በኩል ባለው አልጋ ላይ መካኒኩ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ተጋድመዋል። ግንባራቸው በፋሻ ተጠምጥሟል። ፊታቸው የነጣ ወረቀት መስሏል።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አሉ አያቷ የአልጋውን ብረት ይዘው።

«ከወንበር ብድግ ስል ምድር ዞረብኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

ነርሷ ግፊታቸውን እየለካች ነበር። «አባቴ፣ መድኃኒትዎን እንዴት ነበር የወሰዱት?»

«እንደተባልኩት ነዋ። ትቼው ሰነባብቼ ነበር፤ በዱቄቱ ተክቼው። ፕሮፌሰሩ የዘለላችሁትን አካክሱ ሲል ጊዜ የቀረብኝን አንድ ላይ ዋጥኩት።»

ድንቡሼ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የትኛው ፕሮፌሰር?» አለች ነርሷ።

አያቷ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ያለ ማንም እርዳታ ድምፁን አገኙት፤ ያለ ማንም እርዳታ እስከ መጨረሻው ጨመሩት። የሬዲዮ ጎርናና ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ ሕመምተኞች ዞር ዞር አሉ። ከተሰበሩት ወንበሮች ጀርባ ያሳቃቸው «ልባችሁ አደራ ብላችኋለች» አሁን ለድንቡሼ እንደ ስድብ ተሰማት።

ነርሷ እስከ መጨረሻው ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄን የሚል ሐኪም የለም። የተዘለለ ክኒን በአንዴ አይካካስም። ግፊታቸው ወርዶ ነው የወደቁት። ያመጧቸው ሰዎች እንዳሉት ትንሽ ወዲህ ቢወድቁ ኖሮ ጭንቅላታቸው በደጃፉ ድንጋይ ጠርዝ ነበር የሚመታው። ማን እንደላከላችሁ አላውቅም፣ ግን እባካችሁ አጥፉት።» ይህን ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

አያቷ ስልኩን አፍጥጠው አዩት። «ተሳስቶ ይሆናል እንጂ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ወደ ድንቡሼ ዞሩ። «የጓደኛሽን አጎት ስልክ ስጪኝ። ይሄን ፕሮፌሰር ራሱን ነው የማናግረው።»

«እሺ፣ ልጠይቃት» አለችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ለሬዲዮ ደወለች።

ሬዲዮ የሆነውን ስትሰማ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረች። «እሺ፣ አጥፊው። ከግሩፑ ላይ አጥፊውና አለቀ። ማን መሆናችንን የሚያውቅ የለም።»

«ስልኩ እሳቸው እጅ ነው። ደግሞ ሰሙት እኮ! የሰሙትን እንዴት ነው የማጠፋው?»

«እና ልትናገሪ ነው? ድንቡሼ፣ አስቢበት። ብትናገሪ አባባ ያንን ክኒን ዳግመኛ አይነኩትም። አንቺንም አያምኑሽም። ያኔ ምን ልታደርጊ ነው?»

ድንቡሼን ያናደዳት ሬዲዮ ትክክል መሆኗ ነው። ስልኩን ዘግታ ስትመለስ አያቷ ወጥተው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ስክሪኑን ያያሉ።

«ጽሑፉ ያንሳል፣ አንብቢልኝ» አሉ።

ከመሪ ጨባጮች አንዱ የጻፈው ነው። ድንቡሼ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «እኔም ከትናንት ወዲህ እጥፍ አድርጌ እያካካስኩ ነው። ትንሽ ያዞረኛል፣ ግን መድኃኒቱ ሲሠራ መሆን አለበት። ፕሮፌሰሩን እግዜር ይስጥልን» ይላል።

«አባባ» አለች።

«አቤት።»

«ፕሮፌሰር የሚባል ሰው የለም።»

አያቷ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ሬዲዮ ናት። በአፕ ነው ድምፅዋን ያወፈርነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አካክሱ የሚለውን ብቻ አልጻፍኩም፤ ግን ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ዝም ብያለሁ።»

በኮሪደሩ አንዲት ሴት ባልዲ እየጎተተች አለፈች። አያቷ እስክታልፍ እግራቸውን ሰበሰቡላት።

«አታለልሽኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። «ምን ላድርግ?» አለች፤ እንባዋ መጣ፤ ንዴቷም አብሮ መጣ። «ምን ላድርግ ታዲያ? ሲለመኑ እምቢ፣ ሲነገርዎት እምቢ! ዱቄት ሻጩን ወገኔ ይላሉ፣ በእኔ ይስቃሉ። እናቴ የሆነ ነገር አድርጊ ትለኛለች። ሁሉም ነገር እኔ ላይ!»

«ያ ሰውዬ እኮ…» አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። «እዚህ ስመጣ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። እየጻፈ ነው የሚያናግረኝ። ምንድን ነው የነገርከኝ ብዬ ስጠይቀው ቀጣይ ብሎ ሌላ ሰው ይጠራል። ያ ሰውዬ ግን ቁጭ ብሎ ነው የሚነግረኝ። ሳልሰማ ብቀር መልሼ አስደግመዋለሁ፤ አይቆጣኝም። አንቺ እንኳ ትቆጪኛለሽ።»

ድንቡሼ አንገቷን ደፋች። ይህን ነግረዋት አያውቁም። እሷም ጠይቃቸው አታውቅም።

«እሱ ዋሸኝ። አንቺም ዋሸሽኝ» አሉ አያቷ። «ታዲያ እኔ ማንን ልመን?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው።

ድንቡሼ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጇን ዘረጋች። «ስልክዎን ይስጡኝ። ለግሩፑ ልንገራቸው። እጥፍ የሚወስዱት ሰውም ሊወድቁ ነው።»

አያቷ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ስልኬን አትንኪ።»

«አባባ!»

«የላክሁላቸው እኔ ነኝ። የኔ ስም ነው እዚያ ላይ ያለው። ያን ሁሉ ዓመት መሪ ሲጨብጥ የኖረውን ሰው ልጅ ነዳችው ሊሉኝ ነው? ከዚያ ወዲያ ምን ፊት ይዤ ነው እነሱ መሃል የምቀመጠው?»

«እኔ ነኝ የምናገረው። እርስዎ ምንም አይበሉ። ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ።»

«ሁሉም ሲስቁብኝ…»

«ይሳቁ!» አለች ድንቡሼ፤ ድምፅዋ ኮሪደሩ ውስጥ አስተጋባ። ቀነሰችው። «ይሳቁ፣ አባባ። ከሚወድቁ አይሻልም?»

አያቷ በተከፈተው በር በኩል ወደ ውስጥ አዩ። ከዚህ የሚታየው የመካኒኩ እግር ብቻ ነው፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ፣ ተረከዙ በአሮጌ ግራሶ የጠቆረ። ከዚያ ስልኩን ከደረታቸው አነሡት እንጂ አልሰጧትም። ግሩፑን ራሳቸው ከፈቱት። የድምፅ መቅጃውን ምልክት ራሳቸው ፈለጉት፤ ስትጠቁማቸው እጇን ገፋ አደረጉት። ወፍራም አውራ ጣታቸውን ምልክቱ ላይ ጭነው ስልኩን ወደ አፏ አስጠጉላት። ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ድንቡሼ ትንፋሿን ሳበች።

«እኔ… የልጅ ልጃቸው ነኝ። ድንቡሼ። ስለ ክኒን የተናገረው ፕሮፌሰር የውሸት ነው። እኔና ጓደኛዬ ነን የቀዳነው። አባባ አላወቁም፤ እሳቸውንም ነው ያታለልኩት። እባካችሁ ክኒን ደርባችሁ አትውሰዱ። ጋሽ መካኒክ ደርበው ወስደው ወድቀዋል፤ አሁን ጤና ጣቢያ ነን። እጥፍ እየወሰድኩ ነው ያሉት አባት፣ እባክዎ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የኔ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ስትጨርስ የአያቷን ክንድ ነካ አደረገች። አያቷ አውራ ጣታቸውን አነሡ፤ ሲያነሡት ግን ጣታቸው ወደ ጎን ሸርተት አለ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ የቆሻሻ ቅርጫት ብቅ ብላ ጠፋች።

ሁለቱም ስልኩን አዩት።

«ሄደ?» አሉ አያቷ።

«አልሄደም። ጣትዎ ሲንሸራተት ተሰረዘ።»

«ሙሉው?»

«ሙሉው።»

አያቷ ጣታቸውን ገልብጠው ተመለከቱት። ድንቡሼ ጩኺ ጩኺ አላት። ያን ሁሉ ቃል ከየት እንዳመጣችው አታውቅም፤ አንዴ ብቻ የሚወጣ ነው የመሰላት። ግሩፑ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ የዛሬው የጽጌረዳ ሥዕል እንዳለ ነው፤ ማንም ምንም አልሰማም። ለትንሽ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣባት። እጥፍ ለሚወስዱት ሰው ብቻ ደውሎ ማስቆም ይቻላል። ማን እንደቀዳው ሳይነገር፣ በአጭሩ። አያቷም አይሳቅባቸውም።

አያቷ ይህንኑ ያሰቡ ይመስል ቀና ብለው አዩዋት።

ከውስጥ ነርሷ ወጣች። ድንቡሼ ብድግ ብላ፣ «ሲስተር፣ ሥራ ሲቀልልሽ አባባን ታናግሪልኛለሽ? ቁጭ ብለሽ። እንጠብቅሻለን» አለቻት። ነርሷ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየች፤ «ቆዩኝ» ብላ ሄደች።

«እንግዲህ እናያለን» አሉ አያቷ ከአፋቸው ሥር። ክኒኑን ይወስዱ ይሆን ወይስ አይወስዱ፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም።

ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ስልኩን ከእጃቸው ሳትወስድ ወደ አፏ ሳብ አደረገችው።

«ይጫኑት፣ አባባ» አለች። «እንደገና እናገራለሁ።»